ከቀኝ የሚገለጠው ጥራዝ

«ይህንን በቃልሽ አጥኚው» አለች ለይላ፣ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ገሊላ መዳፍ ላይ አስቀምጣ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ቤት ትመጫለሽ። እናቴ አንብቢልኝ ስትልሽ መጽሐፉን ገልጠሽ፣ የምታነቢ መስለሽ ይህንን ትያለሽ። ከዚያ ትሄጃለሽ።»

የዕረፍት ሰዓት ነበር። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ውሃ መጠጫው አጠገብ ቆመዋል። ገሊላ ወረቀቱን ዘረጋችው። አራት አጫጭር መስመሮች ናቸው። «ይህ መጽሐፍ በጣም ቆንጆ ነው። ሠዓሊው ትልቅ ችሎታ አለው። ሳነበው አለቀስኩ። አምስት ኮከብ።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያንቺ አስተያየት ነው።»

«እኔ እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች ለይላ።

ገሊላ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። እሷ «በጣም ቆንጆ» ብላ ልትጽፍ! በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ኮከብ የሰጠችው ለሁለት ጥራዝ ብቻ ነው፤ አምስት ለአንዱም ሰጥታ አታውቅም። ቀና ስትል ግን የለይላን ፊት አየችና ሳቁን ተወችው።

«የቱ መጽሐፍ ነው?»

«ቡናማው። ስም የሌለው።» ለይላ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ነስሮ ነው የሣለው።»

ነስሮ የለይላ ታላቅ ወንድም ነው፤ ነበር። አምና ክረምቱ እንዳለፈ፣ ልቡን ታሞ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ገሊላ ከእናቷ ጋር ለቅሶ ደርሳ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ከማታውቃቸው ሴቶች መሐል ተቀምጣ ነበር። ሥዕል ይሣል እንደነበር ግን የነገራት ሰው የለም።

ያን ጊዜ ይቅርታ ብትል ጥሩ ነበር። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ታዲያ ስሙን ለምን አልጻፋችሁበትም?»

«ስሙ ካለበት ሰው ሁሉ ያዝናል። ኮከቡን ለሐዘን ብሎ ይሰጣል» አለች ለይላ። ድምፅዋ ደርቋል። «ስም ከሌለው እውነቱን ይጽፋሉ ብዬ ነው። በተለይ አንቺን ነበር የጠበቅኩት።»

ገሊላ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ደግሞ ገልብጠሽ ነው ያነበብሽው። የጠረዘው አጎቴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርዝ የኖረው ደግሞ የዓረብኛ ኪታብ ነው። ኪታብ ከቀኝ ነው የሚገለጠው። አንቺ ከመጨረሻው ጀምረሽ መጀመሪያው ላይ ጨረስሽ፤ ከዚያ ታሪክ አይችልም ብለሽ ጻፍሽ።»

ደወል ተደወለ። ለይላ ወደ ክፍሏ ሄደች። ገሊላ ግን ወረቀቱን እንደያዘች እዚያው ቀረች፤ የሒሳብ መምህሩ ዘግይታ በመግባቷ ሲቆጧትም የሚሉትን አልሰማችም።

ነገሩ የተጀመረው ጋሽ ደምሴ ንባብ ቤት ነው። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ናቸው። ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰው የሚሰጣቸውን የኮሚክ መጽሔትና የሥዕል መጽሐፍ ሁሉ ይሰበስባሉ። ኮሚኮቹን አሥር አሥሩን በአንድ ያስጠርዙና ከመጨረሻው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ መስመር ያለው ወረቀት ይለጥፋሉ። ደንባቸው አንድ ነው፤ አስተያየቱን ያልጻፈ ልጅ ቀጣዩን ጥራዝ አይወስድም።

ብዙው ልጅ «አሪፍ ነው» ብሎ ጽፎ ይገላገላል። ገሊላ ግን ሌላ ነበረች። አንዱን ጀግና «ከሕንፃ ሲወድቅ ያልተቀደደው ሱሪው የት እንደተሰፋ ይነገረን» ብላ ጽፋበት ልጁ ሁሉ ለሳምንት ሲያወራው ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ጥራዙን ሳይሆን የጥራዙን ጀርባ ለማንበብ የሚመጡ በዙ። ከጽሑፏ ሥር «ገ» ብላ ትፈርማለች፤ የ«ገ»ን እግር ረዘም አድርጋ። ያቺን አንዲት ፊደል ሰው ሲፈልጋት ማየት ደስ ይላት ነበር። ደስታው ልክ እንደ ጣፋጭ ነገር አንዴ ከቀመሱት በኋላ የማይተው ሆነባት።

ባለፈው ቅዳሜ ቡናማው ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የቆዳ ሽፋን፣ ርዕስ የለውም፣ ስም የለውም። ውስጡ በእርሳስና በጥቁር ቀለም የተሣሉ ሃያ አራት ሥዕሎች፣ በየገጹ አንድ አንድ። ጽሑፍ የሚባል ነገር የለበትም። ገሊላ መጽሐፍ ሁሉ እንደሚገለጠው ገለጠችው። ሚኪያስ፣ የክፍሏ ልጅ፣ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ቀሽም ነው አይደል?» አላት። «በይ እንጂ፣ አንድ ነገር ጻፊበት።»

ጻፈችበት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

«ይህ መጽሐፍ የሚጀምረው በባዶ አልጋ ነው፤ አንባቢው ከአሁኑ እንዲተኛ ይመስላል። በሚቀጥለው ገጽ አልጋው ላይ አንድ ልጅ ይገኛል። ከየት መጣ? አይጠየቅም። ልጁ ታሟል፤ ከዚያ ይቀመጣል፤ ከዚያ በመስኮት ያያል፤ ከዚያ ብድግ ብሎ ኳስ ይዞ ይሮጣል። አለቀ። የታመመ ሁሉ እንዲህ በቀላሉ ቢነሳ ኖሮ ሐኪም ቤቶች ባዶ በሆኑ ነበር። ሠዓሊው እጅ አለው፤ ታሪክ ግን አይችልም። አንድ ኮከብ፤ እሱም አልጋው ሥር ላለው ነጠላ ጫማ። ገ።»

ሚኪያስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ማታ ገሊላ የሳቁትን ቆጠረች፤ አርባ አንድ ነበሩ።

አሁን፣ ሐሙስ ቀን፣ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቤቷ እንኳ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ንባብ ቤቱ ወጣች። ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን ተቀምጠው ሙጫ ያማስላሉ። ገና ሲያዩዋት አወቁ።

«ነገረችሽ?»

«እርስዎ ያውቁ ነበር ጋሼ?»

«የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። አትናገር ብላ አስምላኛለች።» የሙጫውን ብሩሽ አስቀመጡ። «በየት በኩል እንደሚገለጥ ግን አላየሁም። ወረቀቱን ሁልጊዜ በምለጥፍበት ጎን ለጠፍኩ። ለእኔ መጨረሻው ነው፤ ለእነሱ መጀመሪያው። እናትየዋ መጽሐፉን ሲገልጡ ከልጃቸው ሥዕል በፊት የሚያገኙት ያንቺን ጽሑፍ ነው።»

ገሊላ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከታች ባጃጆች ይንጫጫሉ።

«ወረቀቱን ቀደን ብናወጣውስ?»

«መጽሐፉ እዚህ የለም። እናቷ ሰው ስለ መጽሐፉ ምን አለ እያሉ ቢያስቸግሯት ለይላ ሰኞ ዕለት ወሰደችው።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። በሸሚዛቸው ጠረጉት።

«ትናንት መንገድ ላይ አገኘኋቸው» አሉ በመጨረሻ። «ቆመው ሰላም አሉኝ። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ስለ ኑሮ ውድነት አወራሁ። ይኸው ነኝ። እኔን አትጠይቂኝ ልጄ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገሊላ ለይላ ቤት በር ላይ ነበረች። ወረቀቱን እስከዚያ ድረስ በቃሏ ይዛዋለች፤ አራት መስመር ምን አላት። ከቀጭኑ መንገድ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ቤት። ጫማዋን አወለቀች። ወለሉ ቀይ ነው፣ ግድግዳው ላይ ሳህኖችና የሰፌድ ሥራዎች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ለቅሶ የመጣች ጊዜ እንዳየችው ነው። ነደባው ላይ፣ ምንጣፍ በለበሰው ከፍ ያለ መቀመጫ፣ የለይላ እናት ቡናማውን ጥራዝ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰፈሩ በሙሉ አዴ ረምላ ይላቸዋል።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ። ቢስሚላህ። እዚህ አጠገቤ።»

ገሊላ ተቀመጠች። ለይላ ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆማ ዓይኗን ከገሊላ አልነቀለችም።

አዴ ረምላ ጥራዙን ከቀኝ በኩል ገለጡ። እውነትም የመጀመሪያው ነገር የገሊላ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ከሥሩ እግሯ የረዘመች «ገ»። ያቺ ፊደል እዚህ ቤት ውስጥ አስቀያሚ ሆና ታየቻት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ማሻአላህ። እጅሽ ያምራል።» መስመሮቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «ለይላ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። መጀመሪያ ቀን አምስት ኮከብ ነበር። በማግስቱ ጸሐፊዋ አልቅሳለች አለችኝ። ትናንት ደግሜ ሳስነብባት ለቅሶው የለም። እኔ የቁርአኑን እንጂ የአማርኛውን ፊደል አላውቅም። የተጻፈ ነገር ግን ትናንትና ዛሬ እንደማይለያይ አውቃለሁ።»

ለይላ በሩ ላይ ተንቀሳቀሰች። «ኡሚ...»

«አንቺ ዝም በይ። ልጅቷን ነው የጠራሁት።» ወደ ገሊላ ዞሩ። «ለይላ የምትጨነቀው ለእኔ ነው፤ አልተቀየምኳትም። ግን ስድስት ወር ሙሉ ትራሱን እያደላደልኩ፣ እርሳሱን በቢላዋ እየቀረጽኩ ያሣልኩት እኔ ነኝ። ሰው ስለ እሱ ምን እንዳለ ልስማ። የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

ገሊላ የለይላን ፊት አየች። ለይላ በጣም ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አታንቢው ማለቷ ነው። አራቱ መስመሮች አፏ ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። «በጣም ቆንጆ ነው» ብትል ማንም አይጎዳም፤ እሷም በሰላም ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች። ሴትየዋ ግን አያምኗትም። ልጃቸውንም ጽሑፉንም አጥተው ይቀራሉ።

«አዴ፣ ጥሩ ነገር አይደለም የጻፍኩት» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

«አንብቢው።»

አነበበችው። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው፣ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦ እንዲስቅበት ነበር፤ አሁን የሚስቅ የለም። «አንባቢው ከአሁኑ እንዲተኛ» የሚለው ላይ ፊቷ ጋለ። የሐኪም ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ቀጥዪ» አሉ አዴ ረምላ።

«የታመመ ሁሉ... እንዲህ በቀላሉ ቢነሳ ኖሮ... ሐኪም ቤቶች ባዶ በሆኑ ነበር።»

እስከ ነጠላ ጫማው፣ እስከ «ገ» ድረስ አነበበች። ለይላ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። ገሊላ ልታለቅስ ፈለገች፣ ግን እዚህ ቤት ማልቀስ የእሷ ተራ እንዳልሆነ ገባትና ዋጠችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ባላውቅም ግን... እንዲህ መጻፍ አልነበረብኝም።»

አዴ ረምላ አልተቆጡም። ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

«ይነሳል አልሽ?»

«እ?»

«ልጁ ይነሳል ብለሽ ነው የጻፍሽው። ኳስ ይዞ ይሮጣል አልሽ። የቱ ጋ ነው የሚነሳው? እኔ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የሚነሳበት ገጽ የለም።»

«ገልብጬ አንብቤው ነው። እኛ ከግራ ነው የምንገልጠው። ከኋላው ጀመርኩ።»

አዴ ረምላ ጥራዙን ዘግተው ገለበጡት። ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«እንዳነበብሽው አሳይኝ።»

ገሊላ ከግራ ገለጠች። ባዶው አልጋ። የተነጠፈ ብርድ ልብስ፣ ከሥሩ ነጠላ ጫማ፣ ጥንዱ ጎን ለጎን። ቅዳሜ ዕለት ያላየችውን አሁን አየች፤ ነስሮ ይህን ሲሥል አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። እሱ የሌለበትን አልጋ እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ ነው የሣለው።

«ከዚህ ይጀምራል» አለች። «አልጋው ባዶ ነው። ከዚያ... ልጁ ይመጣል።»

«ይመጣል» አሉ አዴ ረምላ።

ገሊላ ገለጠች። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። ገለጠች፤ ሦስት ትራስ ተደግፏል። ገለጠች፤ መስኮቱ ጋ ነው፣ እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ገለጠች፤ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ልጆቹን ያያል፣ ኳሱ በሌላ ልጅ እጅ ነው። ገለጠች፤ ቀጭኑ መንገድ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፣ አንድ እጁ ደረቱ ላይ። ገለጠች፤ ከልጆቹ ኋላ ኋላ ይሄዳል። ገለጠች፤ ከልጆቹ መሐል ነው። በየገጹ ጉንጩ እየሞላ፣ ጀርባው እየቀና ይመጣል። አዴ ረምላ ትንፋሻቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ ልጁ ኳሱን በብብቱ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ፣ በፈላና በር፣ ከከተማው ግንብ ወደ ውጭ፣ ሮጦ ይወጣል። አንዱ እግሩ መሬት አልነካም። አዴ ረምላ ያችን እግር በጣታቸው ነኩ።

«ወጣ» አሉ።

ከዚያ አለቀሱ። ብዙ ጊዜ የቆየ ለቅሶ ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ። ገሊላ አጠገባቸው ተቀምጣ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም፤ መጽሐፉን እንዳይወድቅ ያዘች። ጥቂት ቆይቶ ከመስጊዱ የዓስር ሶላት አዛን ተሰማ። አዴ ረምላ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ።

«አላህ ይርሐመው» አሉ። ገሊላን ራሷን ዳበስ አደረጓት። «ወረቀቱን አትቅደጂው። የተጻፈ ተጽፏል። በሌላ ቀን ደግሞ ነይና በዚያ በኩል አሳይኝ፣ ኢንሻአላህ።» ተነሥተው ለሶላት ሊታጠቡ ወደ ግቢው ወጡ።

ለይላ ከበሩ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ያልኩሽን ብትይ ኖሮ አታለቅስም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ደስ አላት። አየሻት አይደል? ‹ወጣ› አለች።» ለይላ ከንፈሯን ነከሰች። «እሱ ግን እንደዚያ አልሣለውም። አልወጣም ገሊላ። እዚያ ክፍል ነው የሞተው፤ እኔ ነበርኩ ውሃ የያዝኩለት። እኔ በዚያ በኩል አላየውም። በፍጹም።»

«አውቃለሁ» አለች ገሊላ ደግማ።

«አታውቂም። እሱ በሣለበት በኩል አንብበሽው አታውቂም።»

እውነት ነበር። ቅዳሜም ዛሬም ነስሮ የተናገረውን አንድም ጊዜ አልሰማችም። ጫማዋ በሩ ላይ ይታያታል። ሴትየዋ ይቅር ብለዋታል፣ ራሷን ዳብሰዋታል፤ አሁን ተነሥታ ብትሄድ ማንም ክፉ አይላትም። ነገ ሚኪያስ ይጠይቃታል፣ እሷም አንድ ነገር ብላ ታልፈዋለች።

አልተነሣችም። ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ለለይላ መለሰችላት። ጥራዙን ዘጋችው፤ ገለበጠችው።

«አብረሽኝ ትቀመጫለሽ?»

ለይላ ነደባው ጫፍ ላይ፣ በመሐላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትታ ተቀመጠች።

ገሊላ ከቀኝ ገለጠች። የራሷን ጽሑፍ አለፈችው። ልጁ ኳሱን ይዞ በበሩ ሮጦ ይወጣል፤ እየሳቀ ነው፤ አንዱ እግሩ መሬት አልነካም። ለረዥም ጊዜ አየችው። ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች።

ገጹን ገለጠች።